ቬኒስ በሰኔ መግቢያ፣ ደረጃ ከማይወጡ እናት ጋር

ጠያቂ፣ ሽቱትጋርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሰኔ (በፈረንጅ ጁን) መግቢያ ከዓርብ እስከ ሰኞ ቬኒስ ልንሄድ ነው። ሁለት አዋቂዎች፣ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆች፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት እናቴ ነን። እናቴ ሜዳ ላይ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ ደረጃ ግን ጉልበታቸው አይችልም። የሰኔ ፆምም ገብቶ ይሆናል። ከተማው ውስጥ እንደር ወይስ የብሱ ላይ ያለው ሜስትሬ? የመግቢያ ክፍያ የሚባለው ማንን ይመለከታል? ቪዛቸው የጀርመን ነው፣ ጣሊያን ያስገባቸዋል? የሚፆም ሰውስ እዚያ ምን ይበላል?

ሚላኖ፦
እህቴ፣ ከወረቀቱ እንጀምር። የሼንገን ቪዛ ማንም አገር ይስጠው፣ ጊዜው ካላለፈ ጣሊያን ያስገባል። ተለጣፊው ላይ ሁለት ነገር እዪ፦ የሚያገለግለው ለሼንገን አገሮች በሙሉ መሆኑን፣ ከዚያ የተፈቀዱትን ቀናት ብዛት። ሰው የሚሳሳተው በሁለተኛው ነው። ቪዛው ሦስት ወር ክፍት ሆኖ የተፈቀደው ቆይታ 30 ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ደግሞ ሼንገን ከገቡበት ዕለት ነው። በኦስትሪያ በኩል ማለፍ ከሼንገን እንደ መውጣት ስለማይቆጠር፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛም ቢሆን ችግር የለውም። ለቪዛው የተገዛው የጤና ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራ መሆን ስላለበት ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ።

የሁላችሁም ዋናው ፓስፖርት ይያዝ፣ የልጆቹም ጭምር። የጣሊያን ሆቴል እንግዳውን መዝግቦ ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም። በመመለሻችሁም ጀርመን ከ2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ፍተሻ ስለጀመረች ፖሊስ ባቡር ውስጥ ሊጠይቃችሁ ይችላል። የመኖሪያ ካርድ ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ከፓስፖርት ጋር ነው የሚሠራው። ሰማያዊ የስደተኛ ፓስፖርት ያላችሁም ከጀርመን የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ጋር መሄድ ትችላላችሁ። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ ግን በእጃችሁ ያለው ወረቀት የጉዞ ሰነድ አይደለም፤ ይህን ጉዞ እርሱት።

ቦሎኛ፦
ቬኒስ ላይ «ስንት ደቂቃ ያስኬዳል?» ብለሽ አትጠይቂ፣ «ስንት ድልድይ አለው?» በይ። ድልድዩ ከ400 በላይ ነው፣ አብዛኛውም ባለ ደረጃ። አሥር አሥራ አምስት ደረጃ ወጥተሽ ያንኑ ያህል ትወርጃለሽ፣ ከመቶ ሜትር በኋላ ሌላ ይጠብቅሻል። ጎማ ያለው ሻንጣና የልጅ ጋሪ የሚያማርረውም በዚሁ ነው።

ቤት ከመያዝሽ በፊት ለባለቤቱ ሦስት ጥያቄ ላኪ። ከቅርቡ የቫፖሬቶ፣ የውሃው አውቶቡስ፣ ፌርማታ (ቃሉ እዚያም ፌርማታ ነው፣ እናትሽ ደስ ይላቸዋል) እስከ በሩ ስንት ድልድይ አለ? ስንተኛ ፎቅ ነው? ሊፍት አለው? «አንደኛ ፎቅ» ሲሉሽ አትመኚ፤ በድሮዎቹ ሕንፃዎች ከምድር ቤቱና ከአንደኛው ፎቅ መካከል ሌላ ዝቅ ያለ ፎቅ ስለሚኖር አርባ ደረጃ ሊሆን ይችላል። የደረጃውን ብዛት በቁጥር ይጻፉልሽ።

አድራሻውም ያሳስታል። ከተማው ስድስት ሰፈር ነው፦ ካናሬጆ፣ ካስቴሎ፣ ሳን ማርኮ፣ ሳን ፖሎ፣ ሳንታ ክሮቼና ዶርሶዱሮ። የቤት ቁጥር የሚወጣው በመንገድ ሳይሆን በሰፈር ስለሆነ ወደ ሺዎች ይዘልቃል። ሰፈርና ቁጥር ብቻ ይዘሽ ማታ ብትደርሺ ቤቱን አታገኚውም፤ የመንገዱንና የፌርማታውን ስም ጨምረው እንዲልኩልሽ አድርጊ። የስልክ ካርታ በጠባቦቹ መንገዶች ይቃዣል፣ አንዳንዴም ውሃው ጫፍ ላይ ወስዶ ያቆምሻል። ግድግዳ ላይ ያሉት «ወደ ሪያልቶ»፣ «ወደ ሳን ማርኮ»፣ «ወደ ፌሮቪያ» (ባቡር ጣቢያው) የሚሉት ቢጫ ምልክቶች የተሻሉ ናቸው።

ለእናትሽ ከሳንታ ሉቺያ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ወደ ግራ የሚዘረጋው ሊስታ ዲ ስፓኛ ይመቻል፤ እስከ ጉልዬ ድልድይ ድረስ ሜዳ ነው። መንገዱ ውበት የለውም፣ የቱሪስት ሱቅ የበዛበት ነው። ግን ከባቡር ወርዶ አንድም ደረጃ ሳይወጡ ክፍል መድረስ ትልቅ ነገር ነው። ሊዶ የሚባለው ደሴትም ደልዳላ ነው፤ መኪናና አውቶቡስ አለው፣ ለልጆቹ ደግሞ ባሕር ዳርቻ። ከሳን ማርኮ በቫፖሬቶ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው።

ሌላም ልብ በሉ። ለሳን ማርኮ አደባባይ ሳን ዛካሪያ ፌርማታ አትውረዱ፣ ወደ አደባባዩ ስትሄዱ ድልድይ አለበት። ቫላሬሶ የሚባለው የሳን ማርኮ ፌርማታ ላይ ከወረዳችሁ እስከ አደባባዩ ያለ ድልድይ ትደርሳላችሁ።

ፓዶቫ፦
እኔ ለሜስትሬ እከራከራለሁ። ጣቢያው አጠገብ ያሉት ሆቴሎች ዘመናዊ ናቸው፣ ሊፍት አላቸው፣ በሰኔ ቅዳሜና እሁድ ዋጋቸው ከደሴቱ፣ ከዋናው ቬኒስ፣ በብዙ ያንሳል። ባቡሩ በአሥር ደቂቃ ገደማ ሳንታ ሉቺያ ያደርሳል፣ ቀኑን ሙሉም አይቋረጥም። በመኪና ከመጣችሁም መኪናውን እዚያው ተዉት፤ ደሴቱ ላይ መኪና ከፒያሳሌ ሮማና ከትሮንኬቶ አያልፍም፣ ማቆሚያውም ኪስ ያራቁታል። የወረቀት ትኬት ከገዛችሁ ሳትሳፈሩ ማሽኑ ላይ አስመቱት። ጉድለቱ አንድ ነው፦ እኩለ ቀን ላይ ሽማግሌና ሕፃን ጋደም የሚሉበት ቤት በቅርብ የለም። የ4 ዓመት ልጅ ስላለሽ ይህን አስቢበት።

ስለ ክፍያው። ከ2024 ጀምሮ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባሉ የተወሰኑ ቀናት፣ በአብዛኛው ከዓርብ እስከ እሁድና በበዓላት፣ ውለው ለሚመለሱ እንግዶች የተጣለ ነው። በ2025 አስቀድሞ ለከፈለ 5፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ለከፈለ 10 ዩሮ ነበር። የየዓመቱ ቀናት በከተማው አስተዳደር ድረ ገጽ ይወጣሉ። የሚሠራው ከጠዋቱ 8:30 እስከ 16:00 ነው፣ በፈረንጅ ሰዓት። ከ14 ዓመት በታች አይከፍልም። በቬኒስ ማዘጋጃ ቤት ክልል የሚያድርም አይከፍልም፤ ሜስትሬና ሊዶ እዚያው ክልል ውስጥ ናቸው። ነገር ግን ነፃ መሆን ሌላ፣ ነፃ መሆንሽን ማስመዝገብ ሌላ። ድረ ገጹ ላይ ተመዝግባችሁ ኮዱን ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ሳይዝ የተገኘ ከ50 እስከ 300 ዩሮ ይቀጣል። ፓዶቫ፣ ትሬቪዞ ወይም ዬዞሎ ያደረ እንግዳ ግን ከፋይ ነው። በርካሽ አውሮፕላን የምትመጡ ደግሞ «ቬኒስ ትሬቪዞ» የሚለውን ልብ በሉ፣ ሌላ ከተማ ነው፤ ከዚያ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት አልፎ ይወስዳል።

ጁን 2 የጣሊያን ሪፐብሊክ ቀን ነው፣ አገሩ ሁሉ ወደ ቬኒስ ይተማል፤ ከዚያ ቀን ራቁ።

ቦሎኛ፦
የእኩለ ቀኑ ዕረፍት ላይ ከፓዶቫው ወንድሜ ጋር ነኝ፣ እኔ ግን ከሱ ተነስቼ ደሴቱን ነው የምመርጠው። በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው 21:00 ገደማ ነው። ውለው የሚመለሱት ሰዎች ወደ 17:00 መውጣት ሲጀምሩ ከተማው ይተነፍሳል። ጠዋት ወጥቶ፣ ቀን ተኝቶ፣ ማታ እንደገና መውጣት የሚችለው እዚያው ያደረ ነው። መስኮት ከፍታችሁ አትተኙ፤ በሰኔ የወባ ባይሆንም የሚያስጨንቅ ትንኝ አለ።

የቫፖሬቶ ትኬት እናስላ። የ75 ደቂቃው 9.50 ዩሮ፣ የ24 ሰዓቱ 25፣ የ48ቱ 35፣ የ72ቱ 45 ነው። በሦስት ቀን አምስት ጊዜ ከተሳፈራችሁ የ72 ሰዓቱ ያዋጣል፣ እናንተ ደግሞ በቀን አራቴ መሳፈራችሁ አይቀርም። የ4 ዓመቱ በነፃ ነው። ለ9 ዓመቱ ሮሊንግ ቬኒስ የሚባለውን የ6 ዩሮ ካርድ ግዙለት፣ ከ6 እስከ 29 ዓመት ለሆነ ሰው የ72 ሰዓቱን ዋጋ ያወርዳል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ትኬቱ መጀመሪያ ከተነካበት ጊዜ ነው፣ በየተሳፈራችሁበትም ማሽኑን ማስነካት አለባችሁ። ከአየር ማረፊያ የሚያመጣው ጀልባ የሌላ ድርጅት ስለሆነ በዚህ ትኬት አይሠራም።

መስመር 1 በታላቁ ቦይ እየቆመ የሚሄደው ነው። ለመቀመጫ ፌሮቪያ ላይ አትጠብቁ፤ አንድ ፌርማታ ወደ ኋላ፣ መነሻው ፒያሳሌ ሮማ ሄዳችሁ ተሳፈሩ። ከረፋድ እስከ ቀትር ጢም ስለሚል እናትሽን ከ9:00 በፊት ወይም ከ19:00 በኋላ አሳፍሪያቸው። ከፍ ብለው ከተማውን ማየት ካማራቸው የሳን ጆርጆ ማጆሬ ደሴት ደወል ቤት ሊፍት አለው፣ ወረፋውም ከሳን ማርኮው በብዙ ይቀላል። መስመር 2 ከሳን ዛካሪያ በአንድ ፌርማታ ያደርሳል።

ለንደን፦
ለእማማ ዋናው ቦታ የማርቆስ ባዚሊካ ነው። መንበረ ማርቆስ እያልን የምንጠራው፣ ቤተ ክርስቲያናችን እስከ 1959 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ድረስ የተሳሰረችበት የእስክንድርያ መንበር ባለቤት ሐዋርያ ዐፅም እዚያ ነው ያለው። በ828 የቬኒስ ነጋዴዎች ከእስክንድርያ ሰርቀው እንዳመጡት፣ ፈታሾቹ እንዳይነኩትም በአሳማ ሥጋ እንደ ሸፈኑት ይተረካል። አያፍሩበትም፣ በሞዛይክ ሥለው ግድግዳቸው ላይ አኑረውታል። ከዐፅሙ ከፊሉ በ1968 ወደ ካይሮ ሲመለስ በአዲሱ ካቴድራል ምረቃ አፄ ኃይለ ሥላሴም ነበሩ።

ትኬቱን ሰዓት አስይዛችሁ በኢንተርኔት ግዙ፣ ያለዚያ ፀሐይ ላይ ነው የምትሰለፉት። እሁድ ጠዋት ለጸሎት ብቻ ነው፣ ጎብኚ የሚገባው ከሰዓት በኋላ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ የእማማ ነጠላ እዚህ ከማንም ልብስ ይበልጣል፣ ለአንቺም አንድ ትርፍ ይያዝ። ወለሉ የተሰባበረ ዕብነ በረድ ስለሆነ ወጣ ገባ ነው፣ ክንዳቸውን ያዢ። የፈረስ ሐውልቶቹ ያሉበት የባዚሊካው ሙዚየም በቀጭን ደረጃ ስለሚወጣ እሱን ተዉላቸው።

አደባባዩን ተሻግሮ ኮሬር ሙዚየም አለ፤ በእሱ በኩል ወደ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ይገባል። እዚያ የቬኒሱ መነኩሴ የፍራ ማውሮ የዓለም ካርታ አለ፣ በ1450 ገደማ የተሠራ። የኢትዮጵያን ክፍል የሣለው ከአገሩ ከመጡ መነኮሳት ጠይቆ ነው፣ አባይና አዋሽ ተጽፈዋል። ስትፈልጉ እንዳትሳሳቱ፣ ካርታው ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ ስለተሣለ ኢትዮጵያ ያለችው በላይኛው በኩል ነው። ግንኙነቱ ከዚያም ይቀድማል፤ የአፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብር ይዘው ቬኒስ የገቡት በ1402 ነበር። የዶጁ (የድሮው የቬኒስ መሪ) ቤተ መንግሥት ትኬት ኮሬርንም ያስገባል፣ ከ30 ቀን በፊት ሲገዛ ይረክሳል።

ሮማ፦
ስለ ፆሙ። እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚፆሙ ከሆነ ዋናው ችግር ሰዓቱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት በእነሱ 15:00 ነው፣ የብዙው ምግብ ቤት ማድ ቤት ደግሞ ከ14:30 እስከ 19:00 ገደማ ይዘጋል። ስለዚህ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ፍራፍሬና የታሸገ ሽምብራ ጠዋት ከሱፐርማርኬት ገዝታችሁ ክፍላችሁ ውስጥ አስቀምጡ። አደባባዩና ድልድዩ ላይ ተቀምጦ መብላት ያስቀጣል።

ማታ ምግብ ቤት ስትገቡ ማሪናራ ፒዛ እዘዙ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ብቻ ነው፣ ከዝርዝሩም ርካሹ። ደረቅ ፓስታ ዱቄትና ውሃ ነው፣ «ፍሬስካ» የተባለው ግን እንቁላል አለበት። ሪዞቶ በቅቤና በአይብ ነው የሚያልቀው፣ ሾርባቸውም አይብ አያጣውም። «ሴንሳ ፎርማጆ፣ ሴንሳ ቡሮ» በሉ፣ ያለ አይብ ያለ ቅቤ ማለት ነው። ነጩ ፖሌንታ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ በውሃ ወይስ በወተት እንደተሠራ ጠይቁ። ዓሣ በፆም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አንክፈተው፤ ለሚበሉ ግን የተጠበሰ ሰርዲን በሽንኩርት፣ በኮምጣጤና በዘቢብ ተዘፍዝፎ የሚቀርበው ሳርዴ ኢን ሳኦር የከተማው ዋና ምግብ ነው።

ቡና ባንኮኒው ጋ ቆመው ይጠጡት፣ የተቀመጠ ሌላ ዋጋ ነው። አደባባዩ ላይ ሙዚቃ ከሚጫወትባቸው ካፌዎች ከተቀመጣችሁ የሙዚቃውም ሒሳብ ይመጣል።

ጠያቂ፣ ሽቱትጋርት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሊስታ ዲ ስፓኛ ምድር ቤት ፈልጌ እይዛለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ልጆቹ ጎንዶላ እያሉ ነው። እናቴ መግባት ይችላሉ?

ቦሎኛ፦
ይችላሉ፣ ግን ቦታ ምረጪ። አንዳንዱ መሳፈሪያ አረንጓዴ የያዘው የድንጋይ ደረጃ ነው፣ ያንሸራትታል። የእንጨት መድረክ ያለውን ፈልጊ፤ ውሃው ከፍ ባለበት ሰዓት ጀልባው ከመድረኩ ጋር ስለሚቀራረብ የሚወርዱት ዝቅታ ያንሳል። ቀዛፊውን አስቀድመሽ አነጋግሪው፣ ክንዳቸውን ይዞ ያስገባቸዋል። እሳቸው ቀድመው መሀል ይቀመጡ፣ ልጆቹ በመጨረሻ ይግቡ። ዋጋው ለጀልባው ነው እንጂ በሰው አይደለም፤ ቀን ለ30 ደቂቃ 90፣ ከ19:00 በኋላ ለ35 ደቂቃ 110 ዩሮ፣ እስከ አምስት ሰው። እናንተ ልክ አምስት ናችሁ። ደቂቃውንና መንገዱን ሳትገቡ ተስማሙ፣ ዘፈን ከጨመረ ሒሳቡ ለብቻ ነው። ጉልበታቸው የዚያን ቀን ካመማቸው ደግሞ ልጆቹን ከሳን ቶማ በትራጌቶ አሻግሯቸው፤ ያው ጎንዶላ ነው፣ ቦዩን ለማቋረጥ በሰው 2 ዩሮ።