ከዴንቨር ወጣ ብለን ራፍቲንግ ልንሞክር ነው፣ ዋና የማይችል ሰው ይዘን የት ብንሄድ ይሻላል?

የአውሮራዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰመር ላይ ወንድሜ ሚስቱንና የ13 ዓመት ልጁን ይዞ ከቨርጂኒያ ይመጣል። እማዬም ከአዲስ አበባ መጥታ እኛው ጋ ናት። ልጁ ቪዲዮ አይቶ በጎማ ጀልባ ወንዝ ካልወረድኩ ብሎ ድርቅ ብሏል፣ አባትየው ደግሞ ከሱ ብሷል። ችግሩ እኔና የወንድሜ ሚስት ዋና አንችልም። የሷ እንግሊዝኛም ገና ነው። ኢንተርኔት ላይ ሳይ ብራውንስ ካንየን፣ ሮያል ጎርጅ፣ ክሊር ክሪክ እያለ ስም ይደረድራል፣ ክላስ 2 ክላስ 4 ይላል፣ ምኑም አልገባኝ። የሄዳችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ፣ የቱ ወንዝ ነው የሚሻለው? በየትኛው ወር? ዋና አለመቻል ያስከለክላል? ምን እንልበስ? እማዬንስ የት ላድርጋት? "እኔም አብሬ እወርዳለሁ" ማለት ጀምራለች፣ የምሬን ነው።

የተራራ ልጅ፦
ክላስ የሚሉት የውሃውን ጉልበት ነው፣ ከ1 እስከ 6። 1 ዝም ብሎ የሚፈስ ውሃ ነው። 3 ላይ ሞገዱ ፊትሽን ያጥብሻል፣ ጀልባው ይዘላል፣ ግን ጋይዱ፣ ጀልባውን የሚመራው ሰው፣ ማለፊያ አያጣም። 4 ላይ ሁሉም ሰው ከልቡ መቅዘፍ አለበት፣ የወደቀም ሰው ረጅም ርቀት ሊወሰድ ይችላል። 5 ለለመደ ነው። 6 ቱሪስት የሚወሰድበት አይደለም።

ለናንተ ብራውንስ ካንየን ነው፣ ሌላ አትፈልጊ። አርካንሳስ ወንዝ ላይ፣ በቢዩና ቪስታና በሳላይዳ መካከል ነው። አብዛኛው ክላስ 3 ነው። ግራና ቀኝ የግራናይት ገደል ነው፣ የመኪና ድምፅ የለም፣ ኦባማ በ2015 እንዲጠበቅ ያስከለሉት ቦታ ነው። ሮያል ጎርጅን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ድልድዩ ከውሃው 291 ሜትር ከፍ ብሎ ሲታይ ያስገርማል፣ ታች ያለው ውሃ ግን ክላስ 4 ነው፣ ሲሞላ 5 ይገባል። ዘ ነምበርስ የሚባለው የዚሁ ወንዝ ክፍልም ለጀማሪ አይሆንም።

ዝም አልልም፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ዋና የማይችል ሰው ወንዝ ላይ ምን ይሠራል? ሁለት ሰዓት ተኩል ነድቶ ሄዶ እዛ መንቀጥቀጥ ምን የሚሉት መዝናኛ ነው። የግድ ከሆነ ክሊር ክሪክ ሂዱ። አይዳሆ ስፕሪንግስ ጋ ነው፣ ከዴንቨር አንድ ሰዓትም አይፈጅም፣ ለጀማሪ የሚሆን ክፍል አለው። ልጁ ካየው በቂው ነው፣ ከሰዓት ቤታችሁ ናችሁ።

ሾፌሩ፦
ሰመር ሰመር ለራፍቲንግ ድርጅት አውቶብስ እነዳለሁ፣ ሰውን ወስጄ የማወርደውም ሲጨርስ የምመልሰውም እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ሲገቡም ሲወጡም ፊታቸውን አያለሁ። ዝም አልልም ወንድሜ፣ ስጋትህ ተገቢ ነው። ግን ክሊር ክሪክ ቅርብ ስለሆነ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ጠባብ ነው፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ ድንጋዩ ይበዛል። የጀማሪው ክፍል ጥሩ ነው፣ አልክድም፣ ግን ሰመሩ ሲገፋ ውሃው ቶሎ ይቀንሳል። አርካንሳስ ግን ከላይ ግድቦች ስላሉት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ዋና ለማይችል ሰው፣ ክላስ 3 ድረስ ብዙ ድርጅቶች ይወስዳሉ። ላይፍ ጃኬቱ ያንሳፍፋል። ሰውን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ቅዝቃዜውና ድንጋጤው ነው። ይሄ ውሃ ከተራራ በረዶ ቀልጦ የመጣ ስለሆነ ድንገት ስትገቢበት ትንፋሽ ያሳጣል፣ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን። ስለዚህ ስትመዘገቡ ሁለታችን ዋና አንችልም በሉ። ጠዋት ደግሞ ለጋይዱ በአፍ ድገሙለት። ወደ ኋላ፣ እሱ አጠገብ ያስቀምጣችኋል። አፍሮ ዝም የሚል ሰው አለ፣ እሱ ነው የሚያስቸግረው።

ጃኬቱን ጋይዱ ራሱ ያጥብቀው። ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ሲጎትተው አገጭሽ ድረስ ከወጣ ልቅ ነው። ትንፋሽ አሳጠረኝ ብለሽ በኋላ እንዳታላሊው።

የአውሮራዋ፦
ጋሽ ሾፌር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወሩስ? ወንድሜ ጁን መጀመሪያ ላይ ነው ትኬት መቁረጥ የፈለገው።

ሾፌሩ፦
ገና ካልቆረጠ ይተወው። ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን አጋማሽ በረዶው በአንድ ጊዜ የሚቀልጥበት ነው፣ ወንዙ ይሞላል፣ ይደፈርሳል፣ ይፈጥናል። ልምድ ያለው ሰው የሚጠብቀው ያንን ነው። ለናንተ ግን ያው ብራውንስ ካንየን በጁንና በጁላይ መጨረሻ ሁለት የተለያየ ወንዝ ነው በይው። ውሃው ሲበዛ ድርጅቶቹ ራሳቸው የሕፃናትን የዕድሜ ገደብ ከፍ ያደርጋሉ፣ አንዳንዴም ቦታ ያስቀይራሉ። ከጁላይ 1 እስከ ኦገስት 15 ደግሞ ከላይ ካሉት ግድቦች ውሃ እየተለቀቀ ወንዙ በሰከንድ 700 ኪዩቢክ ጫማ አካባቢ እንዲቆይ የሚደረግበት ስምምነት አለ። ወደ 20 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። በረዶ ባነሰበት ዓመት ላይደርስ ይችላል፣ በደህናው ዓመት ግን ለጀማሪ ቤተሰብ ደስ የሚል ልክ ነው። የድርጅት ስም እየለዋወጣችሁ ከምትጨነቁ ወሩንና ቦታውን አስተካክሉ። ፈቃድ ያለው ይሁን እንጂ የቀረው ልዩነት ያን ያህል አይደለም።

ሌላ ነገር፣ ጁላይ ላይ ተራራው ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይወዳል። ቢበርዳችሁም የጠዋቱን ያዙ።

እቴ ጸደይ፦
ሾፌሩ ያለውን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ በፈረንጁ ጁላይ 12። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ ኦገስት 7። ስለዚህ በመሃል ከሦስት ሳምንት በላይ አለ፣ ውሃውም ልክ ነው፣ የሚጾም ሰውም አይቸገርም። ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይ ሐሙስ ከያዛችሁ ረቡዕና ዓርብም አይነካችሁ፣ የቅዳሜ ግርግርም የለም። ጾም ላይ ከሆነ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ በዛ ቅዝቃዜ መቅዘፍ አይመከርም፣ ሰውነት ይዝላል። የሙሉ ቀን ጉዞ ምሳ አለው፣ አስቀድሞ የጾም ምግብ ማዘዝም ይቻላል፣ ቪጋን በሏቸው ይገባቸዋል። እናንተ ግን ግማሽ ቀን ይበቃችኋል።

ልብስ፦ ጥጥ የሚባል ነገር አይሁን። ጂንስ፣ የጥጥ ቲሸርት፣ ሁዲ አይሆኑም፣ ውሃ ይዘው ሰውነት ላይ ይቀዘቅዛሉ። ከስር የዋና ልብስ ወይ የስፖርት ልብስ ልበሱ፣ ከላይ ዌትሱቱን፣ ማለትም ሰውነት ላይ ጥብቅ የሚለውን የሚያሞቅ የጎማ ልብስ፣ እና ውሃ የማያስገባውን ጃኬት እነሱ ያከራያሉ፣ አንዳንዱ በነፃ ይሰጣል። ብር ለመቆጠብ ብላችሁ ዌትሱቱን አትተዉት። ጫማ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ሳንዳል ወይ አሮጌ ስኒከር፤ ነጠላ ጫማ ወንዙ ነው የሚወስደው። መነፅር ያለው ገመድ ይሰርበት። ፀጉር ሹሩባ ቢሆን ሄልሜቱ ይስማማል፣ አናት ላይ ከተቋጠረ ግን አይገባም። ዊግ ያላት ቤት ትተወው፣ እየሳቅኩ አይደለም። የደረቀ ቅያሪ ልብስና ፎጣ መኪና ውስጥ አስቀምጡ። ፀሐዩም ከተራራ ላይ ሲመጣ ያቃጥላል፣ ሰንስክሪን ተቀቡ።

የተራራ ልጅ፦
ለወንድምሽ ሚስት፣ ጋይዱ የሚጮኸው ቃል ጥቂት ስለሆነ ቤት ቁጭ ብላችሁ ተለማመዱት። "ፎርዋርድ" ወደፊት ቅዘፊ። "ባክ" ወደኋላ። "ስቶፕ" መቅዘፊያሽን አንሺ። ቁጥር ከጨመረበት፣ "ፎርዋርድ ቱ" ካለ፣ ሁለቴ ብቻ ነው። "ጌት ዳውን" ከጎማው ጠርዝ ወርደሽ ጀልባው ሆድ ውስጥ ቁጭ በይ። አስቸጋሪው "ሃይ ሳይድ" ነው። ጀልባው ድንጋይ ላይ ሲለጠፍ በድንጋዩ በኩል ያለው ጎን ከፍ ይላል፣ ሰው በደመ ነፍስ ከድንጋዩ ይሸሻል፣ ያኔ ጀልባው ይገለበጣል። ስለዚህ ሃይ ሳይድ ሲባል ሁሉም ሰው ወደ ድንጋዩ ነው የሚወረወረው። ሶፋ ላይ አሠሯት፣ ልጁም ይስቃል።

መቅዘፊያው ጫፍ ላይ አጭር መስቀለኛ እጀታ አለው። የላይኛው እጅ ከሱ አይነሳም፣ ከተለቀቀ የጎረቤትን ጥርስ ያወልቃል። እግራችሁን ደግሞ ከፊት ካለው ጎማ ስር ሸጎጥ አድርጉት፣ የሚይዛችሁ እሱ ነው።

ዝም አልልም፦
እሺ፣ ከወደቀችስ? እሱን ንገሯት።

ሾፌሩ፦
ጥሩ ጥያቄ። ከወደቁ በጀርባ መተኛት፣ እግርን ወደሚፈስበት አቅጣጫ አድርጎ የጣት ጫፍ ከውሃ በላይ እስኪታይ ማንሳት፣ ሞገዱ ሲያልፍ መተንፈስ። ድንጋይ ሲመጣ እግር ይግፋው፣ ጭንቅላት አይምታው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለመቆም አለመሞከር። ውሃው ጉልበት ድረስ ብቻ መስሎ ይታያል፣ ቆም ስትሉ እግር ሁለት ድንጋይ መሃል ይገባል፣ ውሃው ከኋላ ገፍቶ በፊት ይደፋችኋል። ዋና የሚችሉም የሚሞቱት በዚህ ነው። ዳር ደርሳችሁ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ተኝታችሁ ቆዩ።

ብዙ ጊዜ ግን የወደቀ ሰው ጀልባው አጠገብ ነው ያለው። በጀልባው ዙሪያ ገመድ አለ፣ እሱን ይያዙ፣ ሌላው ሰው በላይፍ ጃኬቱ ትከሻ ይዞ ወደ ውስጥ ይጎትታቸዋል። በእጅ አይጎተትም። ጋይዱ ገመድ ያለው ከረጢት ከወረወረ የሚያዘው ገመዱ ነው፣ ከረጢቱ አይደለም። በትከሻ ላይ አሳልፎ ደረት ላይ መያዝ ነው፣ እጅ ላይ ግን ፈጽሞ አይጠመጠምም። ጀልባው ስር ከገቡ ደግሞ በእጅ ጎማውን እየገፉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሄድ ነው፣ ጫፉ ቅርብ ነው።

ይሄን ሁሉ ከመነሳታችሁ በፊት ጋይዱ ይናገራል። በእንግሊዝኛ ስለሆነና ስለሚፈጥን ግን በአማርኛ ቀድማ ብትሰማው ጥሩ ነው።

ዝም አልልም፦
ጁላይ መጨረሻ ከሆነ እኔም እስማማለሁ። የወንድሟ ሚስት ግን ራሷ ትወስን። "ነይ ባክሽ ምንም አይልም" እያሉ ሰው ውሃ ውስጥ መጎተት የኛ ሰው አመል ነው። ወንዙ ዳር ደርሳ አልፈልግም ካለችም መብቷ ነው።

እቴ ጸደይ፦
እሱስ ልክ ነህ።

እናትሽን በተመለከተ መፍትሔው እጅሽ ላይ ነው። ብራውንስ ካንየን አጠገብ ናትሮፕ ላይ ማውንት ፕሪንስተን የሚባል ፍልውሃ አለ። ወንዙ ላይ የሚወርደው ሲወርድ እሳቸው እዛ ይታጠቡ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ ደግሞ እናንተም ትገባላችሁ። ከዛ ቅዝቃዜ ወጥቶ ፍልውሃ መግባት ነው ዋናው ነገር። አንድ ሰው አብሯቸው ይዋል እንጂ ብቻቸውን አትተዊያቸው። ግፊት ካለባቸውም ሐኪም ጠይቂ፣ ብዙ አይዘፍዘፉ። ከፍታውን ለሳቸው አትፍሪ፣ አዲስ አበባም ቢዩና ቪስታም 2,400 ሜትር አካባቢ ናቸው። ራሱን የሚያመው የቨርጂኒያው ወንድምሽ ነው። እንደመጡ በነጋታው አትውሰጃቸው፣ አውሮራ ሁለት ቀን ይረፉ፣ ውሃ በደንብ ይጠጡ። መንገዱ ኪኖሻ ፓስ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል።

የተራራ ልጅ፦
እናትየው ባቡር ቢወዱ ደግሞ ከካንየን ሲቲ ተነስቶ በሮያል ጎርጅ ውስጥ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ አለ፣ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ያህል። ግን ያንን ከመረጣችሁ ራፍቲንጉን ወደ ቢግሆርን ሺፕ ካንየን አዙሩት፣ እሱም ክላስ 3 ነው፣ ለካንየን ሲቲ ይቀርባል። ከብራውንስ ካንየን ጋር በአንድ ቀን አይሄድም፣ መንገድ ላይ ነው የምትውሉት።

የአውሮራዋ፦
ተባረኩ። ለእማዬ ፍልውሃ ስላት የጎማ ጀልባውን ወዲያው ረሳችው። ከሷ ጋር የወንድሜ ሚስት ትቀራለች፣ ራሷ ናት ያለችው፣ ማንም አልገፋትም። እኔ ግን ልሞክረው ነው። ጁላይ መጨረሻ ማክሰኞ ጠዋት፣ ብራውንስ ካንየን፣ ግማሽ ቀን፣ ሦስት ሰው። ስልክና የመኪና ቁልፍ ምን እናድርግ? ቲፕስ ስንት ነው? አንድ ወረቀት ፈርሙ ብለውም ልከውልኛል፣ ብትሞቱ አይመለከተንም የሚል ይመስላል።

ሾፌሩ፦
ወረቀቱን ሁሉም ያስፈርማሉ፣ የልጁን ወላጁ ይፈርም፣ አክስት ስለሆንሽ ያንቺ ፊርማ አይሠራም። የጤና ጥያቄ ካለው በእውነት ሙሉት፣ አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን ለጋይዱ ያሳይ። ቁልፉን ቢሮ ይቀበላሉ፣ ወይ ለሹፌሩ ስጪው። ስልኩን መኪና ውስጥ ተዪው፣ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ገደል ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ በኋላ ትገዛላችሁ። ቲፕ ከዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው፣ ጥሬ ብር ቢሆን ይመረጣል፣ ውሃ እንዳይነካው መኪና ውስጥ ይቆይና ስትመለሱ ስጡት። ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ በ285 አውራ ጎዳና ላይ ፌርፕሌይ አካባቢ የመንገድ ሥራ ካለ ያቆማል። አውቶብሱ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።