የግራፊን ጋዝ ሴንሰሬ ወደ መነሻው አልመለስ አለኝ

ሊያ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ (ከመኪና ጭስ የሚወጣ መርዛማ ጋዝ) የሚለካ ሴንሰር ከግራፊን፣ ማለትም አንድ አተም ብቻ ከሚወፍር የካርቦን ሉህ፣ እየሠራሁ ነው። ግራፊን ኦክሳይዱን (ኦክስጅን የተጣበቀበትን ግራፊን) በቫይታሚን ሲ ሪዲዩስ አድርጌ፣ ማለትም ኦክስጅኑን ቀንሼ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በተሰካኩ ኤሌክትሮዶች ላይ አንጠባጠብኩት። ማሞቂያ የለውም። ጋዙ ሲነካው ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግደው መጠን) ይወርዳል፤ ግን ንጹህ አየር ባስገባለትም አይመለስም። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጋዝ ሳይኖር ንባቡ ይዋዥቃል። ተበላሽቶ ይሆን?

ቴዲ ኤሌክትሮኒክስ፦ ኧረ አልተበላሸም! ይሄ ጋዝ ከግራፊኑ ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃል። አየር ላይ የተቀመጠ ግራፊን ድሮም ኤሌክትሮን የጎደለው ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉለት እነዚያው ጉድለቶች ስለሆኑ፣ ጉድለቱ ሲጨምር ሬዚስታንሱ ይወርዳል። አሞኒያ ቢሆን ኤሌክትሮን ስለሚሰጥ ተቃራኒውን ታዪ ነበር። ችግሩ መላቀቁ ላይ ነው። በተለይ ያንቺ ዓይነቱ ግራፊን ላይ ያልወጣ ኦክስጅን ያለባቸውና የተጎዱ ቦታዎች ስላሉ፣ ጋዙ እዚያ አጥብቆ ይይዛል። በክፍል ሙቀት በቀላሉ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ2007 ነጠላ የጋዝ ሞለኪውል ለይተው ያሳዩት የማንቸስተር ተመራማሪዎች እንኳ ቺፑን የሚያጸዱት በቫኪዩም (አየር በሌለበት ዕቃ) ውስጥ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቀው ነበር። አልትራቫዮሌት መብራትም ይሠራል። አንቺ ማሞቁን ተዪው፤ ግራፊን ኦክሳይዱን የበለጠ ሪዲዩስ ስለሚያደርገው መነሻሽ ይቀየራል። 365 ናኖሜትር የአልትራቫዮሌት ኤልኢዲ በየልኬቱ መሃል አብሪበት። ብርሃኑ ራሱ ንባቡን ስለሚነካ፣ አጥፍተሽ እስኪረጋ ጠብቂ። ሌላው ዘዴ ሬዚስታንሱ እስኪቆም አለመጠበቅ ነው፤ በመጀመሪያው ደቂቃ በምን ፍጥነት እንደወረደ ብቻ ውሰጂ።

የላብ ሰው፦ የዝናቡ ጉዳይ እርጥበት ነው። አጠገቡ የእርጥበት ሴንሰር ካላስቀመጥሽ የምታገኚው ቁጥር ዋጋ የለውም። የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ከዚያ በላይ ማሟሟት እስኪያቅተው ድረስ የገበታ ጨው የሟሟበት ውሃ አስቀምጪ፤ አየሩ 75 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ላይ ይረጋል። በማግኒዥየም ክሎራይድ ደግሞ 33 ታገኛለሽ። በሁለቱም ካሊብሬት አድርጊ፤ ማለትም ንባቡን ከሚታወቀው መጠን ጋር አስተያዪ። ለመሆኑ ጋዙን ከየት ነው የምታመጪው? ከመዳብና ከናይትሪክ አሲድ ከሆነ ያለ ጭስ መሳቢያ እንዳትነኪው። ሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ነው የሚታየው።

ሊያ፦ አመሰግናለሁ! ጋዙ የሲሊንደር ነው፤ መሳቢያም አለን። ካሊብሬት ያደረግኩት ከ1 እስከ 10 ፒፒኤም (በአየሩ ውስጥ ከሚሊዮን አንድ እጅ) ነው። ይበቃል?

ሰናይት፦ ለመንገድ አይበቃም እህቴ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የ24 ሰዓት መመሪያ በሜትር ኪዩብ 25 ማይክሮግራም ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 13 ፒፒቢ (ከቢሊዮን አንድ እጅ፤ 1 ፒፒኤም 1000 ፒፒቢ ነው) ገደማ። አዲስ አበባ ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለሚቀንሰው፣ 1 ፒፒቢ 1.9 ሳይሆን 1.4 ማይክሮግራም አካባቢ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መመሪያው ወደ 18 ፒፒቢ ይጠጋል። ጋዙን አቅጥነሽ እስከ 20 ፒፒቢ ካልወረድሽ፣ ሪፖርትሽ ላይ «ለላብራቶሪ ሙከራ» ብለሽ ጻፊው።