ኬሚካል ካቆምሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ዱባዬ ለምን ፍሬ አይዝም?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በምሥራቅ ጎጃም ዱባ፣ ባቄላና ኑግ አመርታለሁ። ፀረ ተባይና ፀረ አረም መርጨት ትቼ በኮምፖስትና በእጅ አረም መሥራት ከጀመርሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ዘንድሮ ዱባው በብዛት ቢያብብም፣ አውራ ጣት የምታህለው ፍሬ ቢጫ እየሆነች ትረግፋለች። ቀፎ ልግዛ ወይስ የዱር ንቦች በራሳቸው ይመለሳሉ?

መልስ፦ የሰብል ባለሙያ
አስቀድመው ችግሩ የርክበ ብናኝ (የወንዴው አበባ ብናኝ ወደ ሴቴዋ የመድረስ) መሆኑን ይለዩ። የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ናቸው፤ ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ የመሰለ እብጠት አላት፣ የምትከፈተውም ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው። ገና ሲነጋ ወንዴውን ቀጥፈው፣ ቢጫውን ቅጠል ገንጥለው፣ ብናኙን በአምስት ስድስት ሴቴ አበቦች ላይ ይቀቡና በክር ምልክት ያድርጉባቸው። እነዚህ ይዘው ሌሎቹ ከረገፉ የጎደለው ነፍሳት ነው፤ ሁሉም ከረገፉ ግን ምክንያቱን ከውኃው ወይም ከአፈሩ ይፈልጉ። ኑግም በራሱ ብናኝ እምብዛም ስለማያፈራ፣ ነፍሳት ሲጠፉ አብሮ ይጎዳል።

መልስ፦ የጓሮ ገበሬ
ወንድሜ፣ ቀፎ አይጠላም፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የዱር ንቦች ቀፎ አያውቁም፣ እያንዳንዷ ለብቻዋ መሬት ቆፍራ ትራባለች። በእኔ ማሳ ዳር፣ ሣር በሳሳበት ተዳፋት፣ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ በአፉ ዙሪያ እንደ ዱቄት የላመ አፈር ተቆልሏል። ድንበሩን እስከ ጫፍ የሚያርስ ሰው፣ ኬሚካል ባይረጭም፣ እጮቻቸውን በማረሻ ይገለብጣል። ጣዝማም እንዲሁ ከመሬት በታች ናት፤ ማሯን ብለን ስንቆፍር ጎጆዋን እናፈርሳለን (ልጅ ሳለሁ እኔም ሠርቼዋለሁ)። ትልቁ ጥቁር እንጨት በሳ ንብ ደግሞ ደረቅ ግንድ ይፈልጋል። በድንበሩ ላይ ግራዋና ሰንሰል ቢተክሉ፣ ሰብሉ በማያብብበት ወራትም ምግብ ያገኛሉ።

መልስ፦ ሌላ አንባቢ
የጎረቤትዎንም ማሳ ይመልከቱ። ንብ ወሰን አታውቅም፤ እርስዎ ያቆሙትን እሳቸው ጠዋት አበባ ላይ የሚረጩት ከሆነ ድካምዎ ከንቱ ነው። መርጨት ካልቀረላቸው፣ የሚያብበውን ትተው አመሻሽ ላይ እንዲያደርጉት ይለምኗቸው።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ነገ ሲነጋ በክሩ እሞክረዋለሁ። ከማሳው ራስ ያለውን የደረቀ ግራር ለማገዶ ልቆርጠው ነበር፤ አሁን ሳየው ግንዱ ላይ ሦስት ክብ ቀዳዳዎች አሉ፣ ከሥራቸውም የእንጨት ብናኝ ፈስሷል።