ክረምቱን ልጆቼ ሳይሰለቹ እንዲማሩ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ ሐሳብ አካፍሉኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ በመጪው ዓመት 4ኛ ክፍል ይገባል፣ ትንሿ ገና ፊደል እየለየች ነው። ትምህርት ቤት እስከ መስከረም ዝግ ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ ደግሞ ውጭ አያስወጣም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስልክና ቲቪ ላይ ናቸው።

የክረምት ትምህርት ላስመዘግባቸው አስቤ ነበር። ዋጋው ከበደኝ። ልጆቹም ዓመቱን ሙሉ ደብተር ላይ ከርመው አሁንም ደብተር ሲባሉ ያሳዝኑኛል።

ለሒሳቡ ገበጣ በጣም ረድቶኛል። በ12ቱ ጉድጓድ አራት አራት ጠጠር እናደርጋለን። ድምሩ 48 መሆኑን ልጄ ራሱ ደረሰበት። አሁን የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ሳይነካ በጭንቅላቱ ያሰላል። ይህን ሳይ ደስታዬ ልክ የለውም! ቡሄም ነሐሴ 13 ስለሆነ የሆያ ሆዬ ግጥም ራሱ እንዲጽፍ ልጠይቀው ነው።

የቸገረኝ ንባቡ ነው። አማርኛ ማንበብ ይችላል፣ ግን መጽሐፍ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። ዝናቡ ጋብ ሲል 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ልወስደው አስቤያለሁ። ልጅ ይዛችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ በዚህ ዕድሜ የሚወደድ የአማርኛ መጽሐፍ አገኛችሁ? ለትንሿስ ፊደልን በጨዋታ የምታስተምሩበት ዘዴ አለ? ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ የሚሠራ ቢሆን እመርጣለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያጫውት ከሆነማ እሰየው!