በሰንጠረዥ (በኢትዮጵያ ባህላዊ ቼዝ) የወረራ ምዕራፍ ፍትሐዊ አሰላለፍ እንዴት ይጠበቃል?

የተከበራችሁ የሰንጠረዥ አዋቂዎች፣ ከአጎቴ ጋር በአገራችን ጥንታዊ ደንብ መጫወት ከጀመርን ወዲህ አንድ ነገር መፍትሔ አጥቼለታለሁ። እንደምታውቁት ጨዋታው የሚከፈተው በወረራ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ሁለታችንም ተራ ሳንጠብቅ የፈለግነውን ያህል እናንቀሳቅሳለን፤ ተራ የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው። የተቃራኒን አሰላለፍ እያዩ የራስን ማስተካከል የተፈቀደ፣ እንዲያውም የጨዋታው ውበት መሆኑን ከልቤ እቀበላለሁ። ነገር ግን እኔ ለማጥቃት ፈረሶቼን ወደ አንድ ጎን ስሰበስብ፣ እሳቸው ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆይተው ልክ ስጨርስ መከላከያቸውን በዚያው ጎን ያጠናክራሉ፤ እኔ ስቀይር እሳቸውም ስለሚቀይሩ ማንም ሳይበላ ሰዓቱ ይነጉዳል። ለወረራው ለእያንዳንዳችን 10 እንቅስቃሴ ብንወስን የጨዋታውን ባሕርይ እንዳናጠፋ እሰጋለሁ። እባካችሁ፣ አጥቂውንም ተከላካዩንም የማይጎዳ ስምምነት የምታውቁ ካላችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለውን ተከላካይ ቀድሞ ለማስገደድ የሚረዳ አሰላለፍ ካለ አስረዱኝ።