ለውጭ አገር ጉዞ የትኛውን ካርድ ላውጣ?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛልና ምከሩኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ለገና ከእናቴ ጋር አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ በመንገዳችን ኢስታንቡል ጥቂት ቀን እናርፋለን። ቲኬቱ ተቆርጧል፤ የቀረኝ የካርድ ነገር ነው።

አሁን የያዝኩት ክሬዲት ካርድ ከአሜሪካ ውጭ በከፈልኩ ቁጥር 3 በመቶ ይቆርጣል። ለሆቴል 1,000 ዶላር ብከፍል 30 ዶላር በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ለኛ ደግሞ 30 ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ይህን ክፍያ የማይጠይቁ ካርዶች ሳፈላልግ ሁለት ላይ ደርሻለሁ። የካፒታል ዋን ባንክ ካርዶች ይህ ክፍያ የለባቸውም፤ ዓመታዊ ክፍያ የሌላቸውም አሏቸው። ቼዝ ሳፋየር ፕሪፈርድም የለበትም፤ ግን በየዓመቱ ያስከፍላል። በካርዱ ሲከፍሉ የሚጠራቀመው የሽልማት ነጥብ ጥሩ ነው ይላሉ። በዓመት አንዴ ለሚጓዝ ሰው ያዋጣል ትላላችሁ?

ሱቅ ውስጥ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በሊራ?» ብሎ ሲጠይቅ ሊራውን መምረጥ እንዳለብኝ አውቃለሁ። በዶላር ካሉ ምንዛሪውን የሚያሰላው የነጋዴው ወገን ነው፤ ብዙ ጊዜም ውድ ነው።

ዋናው ጭንቀቴ አዲስ አበባ ነው። እዚያ ጥሬ ብር የግድ ያስፈልጋል። በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ካወጣሁ ደግሞ የማውጫ ክፍያ አለ፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። ስለዚህ ለጥሬ ብሩ ዴቢት ካርድ ልያዝ? በቅርቡ ደርሳችሁ የተመለሳችሁ፣ ቪዛ ሆቴልና ሱፐርማርኬት ላይ ያለችግር ሠርቶላችኋል? ለእናቴስ በእኔው አካውንት ተጨማሪ ካርድ ባወጣላት ይሻላል?