በጂ41 ማዘርቦርድ ላይ አልሠራ ያለ ባለ 4 ጊጋባይት ራም

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቴ የምገለገልበት ዴስክቶፕ ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰርና ባለ ጂ41 ቺፕሴት (የማዘርቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኝ ቺፕ) ማዘርቦርድ ያለው ሲሆን፣ ራሙ 2 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ ወርድና ብራውዘር አብረው ሲከፈቱ እጅግ ይንቀራፈፋል። ባለ 4 ጊጋባይት ዲዲአር 3 ራም ገዝቼ በባዶው ስሎት ብሰካም፣ ኮምፒውተሩ እየደጋገመ ከመጮኽ በቀር በስክሪኑ ላይ ምንም አያሳይም። ራሙ ግን በጎረቤቴ ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ሠርቷል። ሻጩ ዲዲአር 3 ሁሉ አንድ ነው ይላል። ዊንዶውሱ 7፣ ባለ 32 ቢት ነው። ችግሩ ከምን ይሆን?

መልስ
በራሙ ላይ የተደረደሩትን ጥቋቁር ቺፖች ይቁጠሯቸው። በአንድ ፊቱ ብቻ 8 ከሆኑ እያንዳንዳቸው 512 ሜጋባይት ይይዛሉ፤ በሁለቱም ፊት በድምሩ 16 ከሆኑ ግን የእያንዳንዳቸው ድርሻ 256 ሜጋባይት ነው። በኮር 2 ዱዎ ዘመን ራምን የሚቆጣጠረው ክፍል የሚገኘው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ቺፕሴት ውስጥ ነበር፤ ጂ41 የተሠራው ደግሞ ከ256 ሜጋባይት ለማይበልጡ ቺፖች ስለሆነ ባለ 8 ቺፑን ባለ 4 ጊጋባይት ራም አይቀበልም። የጎረቤትዎ ኮምፒውተር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ ከሆነ ይህ ገደብ ስለሌለበት ያንኑ ራም ቢቀበለው አያስገርምም። በፍጥነቱ በኩል ግን አይጨነቁ፤ ባለ 1600 ሜጋኸርዝ ራም ቢሆን እንኳ ማዘርቦርዱ ወደሚችለው ፍጥነት ዝቅ ብሎ ይሠራል።

መልስ
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ራሙ ቢሠራም ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ከ4 ጊጋባይት በላይ መጠቀም አይችልም። ከዚሁ 4 ጊጋባይት የአድራሻ ቦታ ላይ የተወሰነው ለግራፊክስና ለሌሎች ክፍሎች ስለሚያዝ፣ ለፕሮግራሞች የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ ከ3 ጊጋባይት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከ4 ጊጋባይት በላይ ወደሚጠቀመው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ መሸጋገር የሚቻለው ደግሞ እንደ አዲስ በመጫን እንጂ በነበረው ላይ በማሻሻል አይደለም። የእርስዎ ሥራ ኅትመት ስለሆነ፣ ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት ለፕሪንተርዎና ለስካነርዎ ባለ 64 ቢት ድራይቨር (ዊንዶውስ መሣሪያውን እንዲያሠራ የሚያስችል ፕሮግራም) መኖሩን ያረጋግጡ፤ አሮጌ ፕሪንተር ይዞ ያለ ድራይቨር መቅረት ከራም ማነስ የባሰ ጣጣ ነው።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስቆጥራቸው በአንድ ፊት 8 ናቸው። ሻጩ በሁለት ባለ 2 ጊጋባይት ሊቀይርልኝ ተስማምቷል። ይሻላል ወይስ ባለ 16 ቺፑን ልፈልግ?

መልስ
በ32 ቢት የሚቆዩ ከሆነ ሁለቱን ባለ 2 ጊጋባይት ይውሰዱ፤ 8 ቺፕም ይሁኑ 16 ገደቡን አያልፉም፤ መጠናቸው እኩል በመሆኑም ማዘርቦርዱ ሁለቱን በአንድነት በዱዋል ቻናል ያሠራቸዋል። ወደ 64 ቢት የሚሸጋገሩ ከሆነ ግን ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት፣ ባለ 16 ቺፕ ይፈልጉ፤ የጂ41 ጣሪያ 8 ጊጋባይት ነውና ከዚያ በላይ ማሰብ አያስፈልግም። በገበያው ላይ 16 ቺፕ ኖሯቸው በኤኤምዲ ማዘርቦርድ ላይ ብቻ የሚሠሩ ርካሽ ራሞች ስላሉ፣ የሚቻል ከሆነ ኮምፒውተሩን ይዘው ሄደው እዚያው ያስሞክሩ። ሲሰኩ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅለው የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ይጫኑ፤ በሁለቱም ጫፍ ያሉት መያዣዎች ቀጭ ብለው መዘጋታቸውን አይተው ሲያበቁ፣ ወደ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ወደሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብተው ጠቅላላ መጠኑን ይመልከቱ። እዚያ 4096 ሜጋባይት ካሳየና ዊንዶውስ ግን ያነሰ ከጻፈ፣ የጎደለው ቀደም ሲል የተገለጸው የ32 ቢት ድርሻ ስለሆነ ራሙን ለመመለስ አይቸኩሉ።